የመሪጌታ አረንጓዴ ምላስ

«በትርፍ ጊዜዎ ምን ይሠራሉ?» ተብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይህ ጥያቄ ሬዲዮ ላይ ለሚቀርቡ ዘፋኞችና ለኳስ ተጫዋቾች ብቻ የተሠራ ይመስለኝ ነበር። እነሱም ሁልጊዜ «መጽሐፍ አነባለሁ፣ ሙዚቃ እሰማለሁ፣ ከጓደኞቼ ጋር እጫወታለሁ» ነው የሚሉት። ሌላ መልስ የሰጠ ሰምታችሁ ከሆነ ንገሩኝ። ሐኪም ይህን ይጠይቃል ብዬ ግን አላሰብሁም። ሐኪም የሚጠይቀው የት እንዳመመን፣ መቼ እንደ ጀመረን፣ ምን እንደ በላን ነው። የቀረው የእኛ ጉዳይ ነው። እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ባለቤቴ መሪጌታ አለልኝ ይባላል። ለእናንተ ስነግራችሁ አንቱ ልለው ይገባ ነበር፤ ደብሩ ሁሉ አንቱ ይለዋል። ግን ካልሲውን የማጥብለትን ሰው አንቱ እያልሁ ብዙ መዝለቅ አልችልም፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። የምንኖረው ጎንደር፣ ቁስቋም ነው። ከበረንዳችን ቀና ያለ ሰው የእቴጌዪቱን የፈረሰ ግንብ ያያል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሕፃናት ፊደል ሳስቆጥር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። እሱ ጧት ጧት ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል፤ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሥዕል ይሥላል። አይሸጥም። ለሚወደው ሰው ይሰጣል፤ የተረፈው ግድግዳችን ላይ ይሰቀላል። መኝታ ቤታችን በመላእክት ከመሞላቱ የተነሣ ልብስ መቀየር ያሳፍራል።

ስለ በረንዳው ትንሽ ልንገራችሁ። የቁስቋም ነፋስ ስለማይቻል ዙሪያውን በመስተዋት አስከብበነዋል። ፀሐይዋ ስታዘነብል በመስተዋቱ ትገባና ወለሉ ላይ ጋደም ትላለች። እሱ አቡጀዲውን ወጥሮ፣ የቀለም ጣሳዎቹን ደርድሮ ይቀመጣል። እኔ አጠገቡ ሆኜ ስፌቴን እሰፋለሁ፤ ሞሰብ፣ ሙዳይ፣ ደስ ያለኝን። ብዙ አንነጋገርም። የቀለሙና የማቅጠኛው ሽታ፣ ያ አኳራጅ የሚሉት፣ በረንዳውን ይሞላዋል። ትንሽ ቆይቶ ራሴን ቀለል ይለኛል። ግንቡ ከቦታው ተነሥቶ በቀስታ ወደ እኛ የሚመጣ ይመስለኛል። የሞቱት እናቴ ሳይቀሩ አንዳንዴ ደጃፉ ላይ ቆመው ስፌቴን ያዩልኛል፤ ጠርዙ ተንጋደደ ይሉኛል። እንዲህ ያለ ሰላም በወጣትነቴ አላየሁም። ጧት ቤት ስጠርግ ልቤ የሚያስበው ከሰዓት በኋላን ነበር። እርጅና እንደዚህ የሚጥም ከሆነ ምነው ቀደም ብሎ በመጣ እል ነበር።

አሁን ወደ ብሩሹ ልምጣ። መሪጌታ ሥዕል የተማረው በተማሪነቱ፣ ከዜማው ጋር አብሮ፣ ከየኔታው ዘንድ ነው። የኔታ ቀለም የሚያዘጋጁት ራሳቸው ነበሩ። ጥቁሩን ከጥቀርሻና ከተቆላ እህል፣ ሌላውን ከቅጠል፣ ከሥር፣ ከአፈር። በጥብጠው ለወራት ያስቀምጡታል። ከዚያ የብሩሹን ጫፍ በከንፈራቸው መሐል ሳብ ያደርጉትና ምራቅ ያስነኩታል። ጫፉ እንደ መርፌ ይሾልላቸዋል፤ የቅዱሳኑን ቅንድብ በዚያ ይስባሉ። ተማሪው ሁሉ እሳቸውን አይቶ ያደርጋል። ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ የኔታ ያደረጉት ነገር ሥርዓት ነው። ባሌም እስከ ዛሬ ብሩሹን ከንፈሩ ላይ ሳያሳርፍ የሣላት ቅንድብ የለችም። ቀለሙ ግን ተለውጧል። በዚህ ዘመን ጥቀርሻ የሚበጠብጥ ማን አለ? ፒያሳ ወርዶ በጣሳ ይገዛል። የቤት በር የሚቀባበትም አለው፣ ለማኪና የሚሆንም አለው። ቀይ መሆኑን እንጂ ከምን እንደ ተሠራ አይጠይቅም። ቀለሙ ከፋብሪካ መጣ፣ ምላሱ የየኔታ ዘመን ላይ ቀረ።

ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረው በትክክል አላውቅም። ቀስ ብሎ ነው የመጣው። መጀመሪያ ሆዱን ይቆርጠው ጀመር፤ ሽሮሽ ነው ብሎ እኔን ወቀሰኝ። ቀጥሎ ራሱን አመመው፣ መገጣጠሚያውን ቆረጠመው፤ ዕድሜ ነው አልን። ከዚያ ቃል ይጠፋው ጀመር። «ያንን አቀብይኝ» ይለኛል። የቱን? ጣቱ ይጠቁማል፣ አፉ ባዶ ነው። ጨው ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ዜማውን ሁሉ በቃሉ የያዘ ነው። መጽሐፍ ቢቃጠል እሱ ይበቃናል እያሉ ሊቃውንቱ ይቀልዱበት ነበር።

ካቻምና ለኅዳር ቁስቋም ታቦቱ ወጥቶ፣ ሕዝቡ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ሊቃውንቱ ከበሮና ጸናጽል ይዘው፣ መቋሚያቸውን እያወዛወዙ ወረብ ሲያቀርቡ የሚመራው መሪጌታ ነው። እሱ ያነሣል፣ የቀሩት ይቀበሉታል። በመሐል ቀጣዩን ቃል ላንሣ ሲል ጠፋው። አጠገቡ የቆመው ቶሎ ብሎ አነሣለትና አለፈ። ሕዝቡ ልብ አላለም። እኔ ግን ከሴቶቹ ወገን ሆኜ ፊቱን አየሁት። ደረጃ አለ ብሎ እግሩን ሰዶ ባዶ የረገጠ ሰው ፊት ነበር። የዚያን ዕለት ከዝክሩ እህል አልቀመሰም።

ከዚያ በኋላ በደብሩ ወሬ ተጀመረ። መሪጌታ ደክመዋል፣ ቦታውን ለወጣት ቢለቁ ለራሳቸውም ዕረፍት ነው የሚሉ መጡ። በክፋት አይደለም። ለእሱ ግን መምራት ማለት መኖር ነው፤ ቢለቅ በማግሥቱ አልጋ ላይ እንደሚውል አውቃለሁ። እኔ ደግሞ የምፈራው ሌላ ነበር። ዛሬ ጨው የጠፋው ሰው ነገ እኔ ብጠፋውስ?

ታላቅ ወንድሙ አያ ምሕረቴ ይህን ሰምተው ከቆላ ድባ መጡ። አያ ምሕረቴ የደንቢያ ገበሬ ናቸው። ለማናቸውም ሕመም ምክንያቱን አስቀድመው ያውቁታል፤ የሰው ዓይን ነው። «ምነው፣ እንዲህ ያለ ሸጋ ድምፅ የያዘ ሰው እንዴት ዓይን አይብላው?» አሉ። የማን ዓይን እንደ ሆነም ስም ጠርተው ነገሩኝ። እኔ ለእናንተ አልናገርም፤ ሰውዬው ጎረቤታችን ነው፣ ሰላምታችንም ደህና ነው። ጠበል ወሰዱት። እዚያ ሲሰነብት ብሩሽ አልያዘም፤ ሻል ብሎት፣ ሆዱም ቀንቶት ተመለሰ። አያ ምሕረቴ አላልሁም ወይ አሉ። ተመልሶ በረንዳው ላይ ተቀመጠ፣ ተመልሶ ታመመ። ዓይኑ ተከትሎት መጣ አልን።

ከፋሲካ በኋላ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ። ደሙንና ሽንቱን አስመረመረችና ትጠይቀው ጀመር። ሥራዎ ምንድን ነው? የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነኝ። ከኬሚካል ጋር የሚያገናኝዎ ነገር አለ? መሪጌታ ሊስቅ ምንም አልቀረው። ኬሚካል ማለት አያ ምሕረቴ አረም ላይ የሚረጩት ነው፤ እሱን ምን አገናኘው? ፋብሪካ ሠርተው ያውቃሉ? የለም። በትርፍ ጊዜዎስ ምን ይሠራሉ?

መሪጌታ ትንሽ አሰበ። «ምንም» አላት።

እኔስ? አጠገቡ ተቀምጬ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። አንዳችንም አልዋሸንም። ሥዕል ለመሪጌታ ሥራ አይደለም፤ አይከፈልበትማ። ጨዋታም አይደለም፤ ቅዱሳንን እየሣሉ ምን ጨዋታ አለ? ጸሎት ነው። ብሩሹን ሲያነሣ ያማትባል፣ ሲያስቀምጥ ያማትባል። ለሐኪም ስለ ጸሎቱ የሚያወራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሐኪሟ «ምንም» ብላ ጻፈች፣ የሆድ መድኃኒት አዘዘችለት፣ በሰላም ሸኘችን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳስበው፣ አገራችን ምንም በማይሠሩ ሰዎች የተሞላች ናት። ከእኛ በታች የሚኖረው ጡረተኛ ምንም አይሠራም፤ በሩን ዘግቶ የሰው ሬዲዮ ሲበይድ ይውላል፣ ጢሱን በአፍንጫው እየሳበ፣ ሽቦውን በጥርሱ እየላጠ። ማክሰኝት ያለችው የወንድሜ ሚስት ምንም አትሠራም፤ አበባ ትወዳለች። ጽጌረዳዋ ላይ ተባይ ባየች ቁጥር መድኃኒት ትረጭና በዚያው እጇ ቆሎ ትቆረጥማለች። መድኃኒቱን የምታስቀምጠው በዘይት ጠርሙስ ነው፤ ጠርሙሱ የሚቀመጠው ከዘይቱ ጎን ነው። ብትነግሯት ትስቃለች። ለሥራ የያዝነውን ነገር እንጠረጥረዋለን፣ ጓንት እናደርግለታለን። የምንወደውን ነገር ማን ይጠረጥራል? የምንወደውን እንስመዋለን። መሪጌታ እንዲያውም በእውነት ይስመው ነበር፣ በቀን ስንት ጊዜ።

ሰኔ ሲገባ ባሰበት። አንድ ቀን ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ብዙ አየኝና «የሺ» አለኝ። የሺ በልጅነቷ የሞተች እኅቱ ናት። «አቤት» አልሁት። ምን ልበል? ገብቶ ተቀመጠ፣ ውኃ ሰጠሁት። ከዚያ ጓሮ ሄጄ አለቀስሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ባል በሞት ቢለይ ይለቀሳል፣ ተዝካሩ ይወጣል፣ ሰው ያጽናናል። ቤት ውስጥ ተቀምጦ የሚሄድ ባል ግን ለቅሶው መቼ ነው? ለማንስ ይነገራል?

በማግሥቱ ሆስፒታል እንሂድ አልሁት። እሺ አለ፤ የመልአኩን እጅጌ ልጨርስ ብቻ አለ። ቅዱስ ገብርኤልን ጀምሮ ነበር፣ አረንጓዴ ልብስ አልብሶት። ባጃጁ ደጅ ቆሞ ጥሩንባውን ይነፋል። እሱ የእጅጌውን ጠርዝ ለመሳብ ብሩሹን ያሾላል፣ ይስባል፣ ያሾላል፣ መጣሁ መጣሁ ይላል። በመጨረሻ ጋቢውን ደርቦ፣ መቋሚያውን ይዞ ወጣ።

ሐኪሟ ሆዱን ነካካች፣ ዓይኑን ገለጥ አድርጋ አየች፣ ምላስዎን ያውጡልኝ አለችው። አወጣ። ተጠጋች። የስልኳን መብራት አበራች። ምላሱ አረንጓዴ ነበር፤ ጥርጥር የሌለበት አረንጓዴ። እንዳሉ ይቆዩ ብላ ወጥታ ሌላ ሐኪም ይዛ መጣች። እሱም ጎንበስ ብሎ አየ፣ መነጽሩን አድርጎ ደግሞ አየ። በእንግሊዝኛ ተነጋገሩ። መሪጌታ ይመልሱት ስላላሉት ምላሱን እንዳወጣ ነው። እኔ አለቀ አልሁ። በቢጫ ዓይን የዳነ ሰው አውቃለሁ፣ በአረንጓዴ ምላስ የዳነ ግን ሰምቼ አላውቅም። በልቤ ለቀብሩ ማንን እንደምጠራ ማሰብ ጀምሬ ነበር። ሐኪሟ በመጨረሻ ዛሬ ምን በሉ አለችው። ምላሱን ወደ ቤቱ መለሰና፣

«ጾመኛ ነኝ ልጄ፣ ምንም አልቀመስሁም» አላት። «የገብርኤል እጅጌ ይሆናል።»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ወጣ። እሷ ትጠይቃለች፣ እሱ በትዕግሥት ያስረዳታል፤ ብሩሹን፣ የኔታን፣ ጣሳዎቹን፣ በመስተዋት የተዘጋውን በረንዳ። ለካ ልጅቷ ሥዕል መማር ፈልጋ ነው የምትጠይቀው ብሎ እንደ ጠረጠረ በኋላ ነግሮኛል። እሷ ግን እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ግንባሯን ያዘች። ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችን። አንዳንድ የፋብሪካ ቀለም ውስጥ ሊድ የሚባል ማዕድን አለ አለች። ቀለም የቀመሰ ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ያልቀመሰም ጤነኛ ይሆናል ማለት አይደለም። ግን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የገባው ቶሎ አይወጣም፤ አጥንት ውስጥ ይቀመጣል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ሐሳብ ይበትናል። የእርስዎ ሕመም የግድ ከዚህ ነው ብዬ አልምልም፤ ከፊሉ ዕድሜ፣ ከፊሉ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ደምዎ አዲስ አበባ ሄዶ ይታያል አለችው። እስከዚያ ግን ብሩሹ አፍዎ ጋ አይድረስ።

መሪጌታ ቅር አለው። የኔታ ዘጠናን አልፈው፣ አእምሯቸው ሳይናጋ ነው ያረፉት አላት።

«የኔታ የላሱት ጥቀርሻ ነው አባባ» አለችው። «እርስዎ የሚልሱት የማኪና ቀለም ነው።» ደግሞም አለች፣ የጥንቱ ሁሉ ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም፤ ከድንጋይ የሚፈጨው ቢጫና ቀይ ውስጥም መርዝ የሆነ አለበት። መሪጌታ ይህን ሲሰማ ለየኔታ ነፍስ በልቡ ጸለየ መሰለኝ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር።

እኔ በዚህ ጊዜ ምን እየሆንሁ ነበር መሰላችሁ? ደረቴን ነፍቼ ተቀምጫለሁ። ነግሬው ነበር ለማለት አፌን ላሾል ስል ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። እርስዎስ እናቴ? እኔማ ምንም፣ ስፌት ብቻ አልኋት። ስፌቱ ቀለም አለው? እንዴታ፤ ሣሩን ከገበያ በዱቄት በሚሸጠው ቀለም ነክሬ ነው፤ ሐምራዊው በተለይ ያምራል። ሲሰፉ እንዴት ያለሰልሱታል? እንግዲህ አንዷን ዘለላ ስሰፋበት ሌላዋን ከንፈሬ መሐል ይዣት ነው የምቆየው፤ እናቴም እንደዚሁ ነበሩ። ሐኪሟ ከመሳቢያዋ ትንሽ መስተዋት አውጥታ ሰጠችኝ። ለዓመታት ሴቶቹ ከንፈርሽ ዕድሜሽን አይመስልም፣ ምን ትቀቢዋለሽ ሲሉኝ፣ ተፈጥሮዬ ነው እያልሁ ስኩራራ ኖሬያለሁ። ለካ የዱቄቱ ሐምራዊ ነው። መሪጌታ ያን ጊዜ የሳቀውን ሳቅ ከታመመ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር።

እዚያው ላይ ብተወው ጥሩ ነበር። እኔ ግን ስለ ከሰዓት በኋላዎቹ ጠየቅኋት። ራሴን ቀለል እንደሚለኝ፣ ግንቡ እንደሚመጣ፣ እናቴ እንደሚቆሙ፣ ሰላሙን ሁሉ ነገርኋት። በርኅራኄ አየችኝ። «እናቴ፣ እሱ የማቅጠኛው ሽታ ነው» አለችኝ። በተዘጋ ቤት አይሳብም፣ ይጎዳል፣ መስተዋቱን ክፈቱት። አያችሁ፣ የሕይወቴ ጣፋጭ ዘመን ብዬ የያዝሁት አኳራጅ ነበር። በባጃጅ ስንመለስ ከባሌ ይልቅ እኔ ነበርሁ ያዘንሁ። እናቴን ሁለተኛ የቀበርኋቸው ያህል ተሰማኝ።

መስተዋቱን ከፈትነው። የቁስቋም ነፋስ ለዓመታት ደጅ ተከልክሎ የቆየውን ቂም ይዞ ገባ። ሁለታችንም በጋቢ ተጠቅልለን፣ አፍንጫችን ቀልቶ እንቀመጣለን። ሐኪሟ ያለችውን አደረግን፤ እጅ ሳይታጠቡ እህል መንካት ቀረ፣ በረንዳው በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል፣ እኔም ሣሬን ውኃ ውስጥ እዘፍቃለሁ። ብሩሹ ነው ያስቸገረው። ውኃ በሲኒ አቀረብሁለት፣ ቁራጭ ጨርቅም አስቀመጥሁለት። እጁ ግን አይሰማም፤ ሳያዘው ወደ አፉ ይሄዳል። በኮሮና ጊዜ የተረፈ የአፍ መሸፈኛ አድርግ አልሁት። አደረገ። ማታ ሲያወልቀው መሸፈኛው መሐሉ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ ነጥብ ይዟል፤ እሱም የራሱ ሥዕል ሆኖ ነበር።

በመጨረሻ እጁ ለመደ። በሲኒ የሾለ ብሩሽ ግን እንደ ከንፈሩ አይሾልም። የቅዱሳኑ ቅንድብ ወፍራም ሆነ፣ ዓይናቸው ሰፋ። የዚያን ክረምት የተሣሉት መላእክት ሁሉ የሆነ ነገር ሰምተው የደነገጡ ይመስላሉ። እሱ አዘነ። ጎረቤቶች ግን ወደዷቸው። የበፊቶቹ ያንቀላፉ ነበሩ፣ እነዚህ ነቅተው ይጠብቃሉ አሉ።

የደሙ ውጤት መጣ። ሊዱ ሊኖር ከሚገባው በላይ ነው ተባለ። ሐኪሟ ምንጩ ከተዘጋ ቀስ እያለ ይቀንሳል፣ የሄደው ሁሉ ይመለሳል ብዬ ግን ቃል አልገባም አለችን። ሆዱ በቶሎ ተሻለው። ቃል መጥፋቱ ግን አንድ ቀን ይሻለዋል፣ አንድ ቀን ይብሰዋል። አንድ ቀን ጨው ብሎ ይጠራል፣ በማግሥቱ ጣቱ ይጠቁማል። እኔም በየማለዳው ስሜን እስኪጠራ ድረስ ልቤ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

አምና ኅዳር ሲደርስ የደብሩን አለቃ ሄዶ አነጋገራቸው። እኔ ሳላውቅ ነው ያደረገው። ዘንድሮም ልምራ፤ ቃሉ ከጠፋኝ በዚያው ቀን መቋሚያዬን ለሚተካኝ ሰው በእጄ እሰጣለሁ አላቸው። እሺ አሉት። ቤት መጥቶ ሲነግረኝ ምን ብዬ ልከልክለው? ነጭ ልብሱን አጠብሁለት፣ አለቃቅሼ ተኮስሁለት።

ዕለቱ ደረሰ። ታቦቱ ወጣ፣ ፀሐዩ ደመቅ ያለ፣ የጽድ ዛፎቹ ጥላ ሰው ላይ የሚወዛወዝ። ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ተሰለፉ። እሱ አነሣ፣ ተቀበሉት። አነሣ፣ ተቀበሉት። እኔ ከሴቶቹ ወገን ቆሜ አንዲት ቃል እጠብቃለሁ፤ ካቻምና የጠፋችውን። እዚያ ደረሰ። አፉን ከፈተ። ዝም አለ።

ከበሮው ቆመ። ጸናጽሉ ቆመ። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ጊዜ ጸጥ ሲል ግቢው ከመሬት ከፍ ያለ መሰለኝ። ርግብ ከግንቡ ላይ ስትነሣ ክንፏ ተሰማኝ። አጠገቡ የቆመው ሊያነሣለት ሲል መሪጌታ በእጁ ገታው። ዓይኑን ጨፈነ። ከጎኔ ያሉት ሴቶች መንፈስ ቅዱስ ወረደባቸው እያሉ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ ነጠላዬን አፌ ውስጥ ወትፌ መቋሚያው ወደ ማን እንደሚዞር ነበር የማየው። ያኔ ቃሉን አነሣው። ድምፁ ከወጣትነቱ ዘመን የመጣ ነበር። ግቢው በእልልታ ተናጋ፤ ከበሮው እንዴት እንደ ገባ፣ እኔም እንዴት ተንበርክኬ እንደ ተገኘሁ አላውቅም።

ቤት እስክንገባ አላስቻለኝም። ግንቡ ሥር ስንደርስ ቃሉ ጠፋህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«አልጠፋኝም» አለኝ። «ሳልፈልገው መጣልኝ። እንደዚያ ከመጣልኝ ስንት ጊዜው፤ ትንሽ ላየው ብዬ ቆምሁ።»

መንገድ ላይ አለቀስሁ፤ ሰው እያየኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ማንም ስለ ቦታው አንሥቶ አያውቅም። አያ ምሕረቴ ያዳነው ጠበሉ ነው ይላሉ፣ ሐኪሟ ሲኒው ነው ትላለች፣ ሴቶቹ ያ የወረደው መንፈስ ነው ይላሉ። እኔ ከሦስቱም ጋር እስማማለሁ፤ ጧት ጧት በስሜ ይጠራኛል፣ ምን አስጨነቀኝ?

ዘንድሮ ደግሞ ኅዳር መጣ። መሪጌታ መራ፣ አንዳችም ሳይሰናከል። እዚያች ቃል ላይ ሲደርስ ግን ከበሮው በድንገት ቆመ። ወጣቶቹ ደባትር ግራና ቀኝ፣ ሁሉም በአንድነት ዝም ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በኋላ ስጠይቅ፣ የመሪጌታ ሥርዓት ነው፣ እዚህ ቦታ ላይ ዝም ይባላል አሉኝ፤ ከአምና ወዲህ እንደዚያ ነው ያጠኑት። ለታናናሾቻቸውም አስተምረውታል። ይህን ለባሌ የነገረው ሰው ግን አልነበረም። ግራ ቀኙን አየ። ደነገጠ። ቃሉን ጮኾ አነሣላቸው፣ ደግሞም ደገመላቸው።

ቤት ሲገባ ፊቱ በሐዘን ጠቁሮ ነበር። ጋቢውን እንኳ ሳያወልቅ ተቀመጠና፣

«ያን ያህል ልጅ ቃሉ በአንድ ጊዜ ጠፋው» አለኝ። «ሰኞ ሐኪሟ ዘንድ ይዣቸው እሄዳለሁ፤ ምላሳቸውን ትይልኝ።»